የበዓሉን በግ ሳንባ ገልጦ የትንፋሽን መንገድ ለልጆች ማሳየት

በዓል ሲደርስ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከቀበና እስከ ካዛንቺስ በየግቢው በግ ይታረዳል። ጉበቱና ጨጓራው ለዱለት ይከተፋል፣ ሥጋው ለጥብስና ለወጥ ይመተራል፣ ቆዳውን እየዞሩ የሚሰበስቡ ልጆች ይወስዱታል። ሳንባው ግን በብዙ ቤት ፈላጊ የለውም፤ ለውሻ ይወረወራል ወይም ከፈርሱ ጋር ይጣላል። እዚያው ግቢ ውስጥ ደግሞ ለፈተና «ትራኪያ፣ ብሮንካይ፣ አልቪዮላይ» እያለ የሚሸመድድ ተማሪ አይጠፋም። ስማቸውን አንድ በአንድ ይጠራል፤ አንዱንም ግን በዓይኑ አላየም፣ በእጁም አልነካም። ባዮሎጂ ሳስተምር ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ለወላጅም ለመምህርም የሚሆን አሠራር ነው። ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በላይ ለሆኑ ልጆች ይመረጣል። ልጆቹ ከሁሉም በላይ አንድ ነገር እንዲገባቸው እፈልጋለሁ፦ ሳንባ በራሱ አየር አይስብም። አየር የሚስብበት ጡንቻ የለውም፤ የሚስቡለት ሌሎች ናቸው። ይህን ለማየት ደግሞ መጀመሪያ ሳንባው ምን እንደሆነ በእጅ ማወቅ ያስፈልጋል።

1ኛ፦ ከመታረዱ በፊት አራጁን አነጋግሩ

ሥራው የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አራጅ ይቸኩላል፤ የሚጠብቁት ሌሎች ግቢዎች አሉ። ሳንባውን ማንም እንደማይፈልገው ስለሚያውቅ እንዳገኘው ጎትቶ ያወጣዋል፣ ቢላውም ይነካዋል። አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ካለች ሳንባው ሲነፋ አየሩ በዚያ ያመልጣል። ስለዚህ ቢላው ሳይሳል «ጋሼ፣ ሳንባውን ከነጉሮሮውና ከነልቡ አንድ ላይ ያውጡልኝ፤ ቢላ እንዳይነካብኝ አደራ» በሉ። ማንቁርቱ ከጉሮሮው ጋር ካልመጣ ከጭንቅላቱ ጋር ቀርቷል ማለት ነውና ጭንቅላቱንም አስቀሩ፤ ለአፍንጫው ጭምር ይጠቅማችኋል። ከቄራ የሚወጣ ሳንባ ለዚህ ሥራ ብዙም አይሆንም፤ መርማሪዎቹ ለጤና ሲፈትሹት ይቆርጡታል።

ልጆቹ ሲታረድ ማየት ባይኖርባቸውም ደረቱ ሲከፈት ግን ቢቀርቡ ጥሩ ነው። ሁለት ነገር ያሳዩአቸው። አንደኛው ሆድና ደረትን የሚለየው፣ ከጎድን አጥንቶቹ ዙሪያ የተያያዘው ስስ ጡንቻ ነው፤ ድያፍራም የሚባለው እሱ ነው። ሁለተኛው ሳንባው ነው፦ ደረቱ እንደተከፈተ ወዲያውኑ ይኮማተራል። ይህን አስተውለው ይያዙት፤ ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

2ኛ፦ ዕቃውን አዘጋጁ፣ እጃችሁን ጠብቁ

የሚያስፈልገው ከፋርማሲ ጓንትና ማስክ፣ ሰፊ ትሪ፣ ውሃ የሞላ ሳፋ፣ ስለታም መቀስ፣ ሲባጎ፣ ፕላስተር፣ በጉሮሮው ልክ የሚገባ የግማሽ ሜትር የውሃ ጎማ፣ የብስክሌት ወይም የኳስ መንፊያ ነው። መንፊያው ከጎማው ጫፍ ጋር ካልገጠመ ክፍተቱን በፕላስተር ጠቅልሉት።

በአፍ መንፋት ፈጽሞ አይፈቀድም። እናንተም አትሞክሩት፣ ልጅም እንዳይሞክረው። የከብትና የበግ ሳንባ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎችን ሊይዝ ይችላል፤ የተነፋው አየር ደግሞ ተመልሶ ፊት ላይ ይመጣል። በመንፊያ ስትነፉም ማስክ አድርጉ፣ ሥራውንም ደጅ ላይ ሥሩት። ሳንባውን ከውጭ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፤ ውሃው በጉሮሮው እንዳይገባ ጫፉን ወደ ላይ ያዙት። በዚያው ቀን፣ ሳይደርቅ ተጠቀሙበት።

3ኛ፦ ከመንፋት በፊት እባጭ ፈልጉ

ሳንባውን አገላብጣችሁ እዩ። ነጣ ያለ፣ ጠንከር ብሎ የተነፋ፣ ውስጡ ጥርት ያለ ውሃ የያዘ እባጭ ካገኛችሁ አትብሱት፣ አትቁረጡት። ይህ የውሻ ትል የሚያመጣው የውሃ ከረጢት ነው። በአገራችን በጎችና ከብቶች ላይ በብዛት ይገኛል። ውሻ ያንን ሳንባ ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በእጅ፣ በአትክልትና በውሃ ወደ ሰው ይገባል። ሰው ላይም በጉበትና በሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ይሠራል፤ ዓመታት ቆይቶ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ አለ። በየበዓሉ ሳንባ ለሰፈር ውሻ የሚወረውር ሰው ይህን ዑደት በገዛ እጁ እየቀጠለው ነው። እባጭ ያለበትን ሳንባ ለማስተማሪያ አትጠቀሙበት፤ አወጋገዱ ከታች ተጽፏል።

4ኛ፦ ከአፍንጫ እስከ ማንቁርት

ጭንቅላቱ ካለ አፍንጫው ውስጥ ቀላ ያሉ፣ እርጥብ፣ የተጠቀለሉ እጥፋቶችን ታያላችሁ። የእኛም አፍንጫ በየጎኑ ሦስት ሦስት እንደዚህ ያለ እጥፋት አለው። አየሩ በእነሱ መካከል ሲያልፍ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ አቧራውም በንፍጡና በፀጉሩ ላይ ይቀራል። የታኅሣሥ ጠዋት ብርድ አፍንጫችንን ቢያቃጥለውም ያ አየር ሳንባችን ሲደርስ የሰውነታችንን ሙቀት ወደ መምሰል ደርሷል። በአፍ የሚተነፍስ ልጅ ከዚህ ብዙውን ያጣል።

ቀጥሎ ማንቁርቱን ፈልጉ። ከላዩ ቅጠል የምትመስል፣ ስትጫኗት የምትመለስ ለስላሳ አጥንት አለች፤ ኤፒግሎቲስ ትባላለች። በጣታችሁ ወደ ኋላ እጠፏት፣ የአየሩን በር ስትከድነው ታያላችሁ። በምንውጥበት ጊዜ ማንቁርታችን ወደ ላይ ብድግ ይላል፣ እሷም ትከድነዋለች፣ ምግቡ ከኋላ ወዳለው የምግብ ቧንቧ ይሄዳል። ልጆቹ ጉሮሯቸውን ይዘው ምራቃቸውን ይዋጡ፤ ብድግ ማለቱ በእጃቸው ይሰማቸዋል። ከክዳኑ በታች ወደ ውስጥ ሲያዩ ሁለት እጥፋቶች ፊት ለፊት ተያይተው ይገኛሉ። የድምፅ አውታሮች ናቸው፤ ከሳንባ የሚወጣው አየር ሲያንቀጠቅጣቸው ድምፅ ይፈጠራል።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ እየሳቀ ወይም እየሮጠ ሲበላ ይህ ክዳን በጊዜው ላይደርስ ይችላል። ቆሎና ኦቾሎኒ ደግሞ ለሕፃን ጉሮሮ እጅግ አደገኛ ናቸው፤ ጠንካራና ትንሽ ስለሆኑ ከክዳኑ አልፈው ወደ አየር ቧንቧ ይወርዳሉ። ሰው ላይ የቀኙ የሳንባ ቧንቧ ከግራው ሰፋ ያለና ቀጥ ብሎ የሚወርድ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የሚገቡት ወደ ቀኝ ነው። ቡና ሲፈላ ቆሎው በየሰው እጅ ይዞራል፤ የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃን አጠገባችሁ ካለ እጁ እንዳይደርስበት አርቁት። ሲበላ የነበረ ሕፃን ድንገት ትን ብሎት ከዚያ በኋላ ሳሉ ወይም ሲር ሲር ማለቱ ካልተወው፣ ለጊዜው የተሻለው ቢመስልም ሐኪም ይየው።

5ኛ፦ የአየር ቧንቧውን በጣት አንብቡ

ከማንቁርቱ በታች ያለው ትራኪያ ነው። ልጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ከላይ ወደ ታች ይዳብሱት። ፊት ለፊቱ ጠንካራ ቀለበቶች ተደርድረዋል፣ ከኋላው ግን ለስላሳ ነው። ቀለበቶቹ ከኋላ አይገጥሙም። ከፊት ያለው ለስላሳ አጥንት ቧንቧው እንዳይጣበቅ ይይዘዋል፤ ከኋላ ያለው ጡንቻ ደግሞ በስተጀርባው የሚያልፈው የምግብ ቧንቧ ጉርሻ ሲወርድበት እንዲሰፋ ቦታ ይለቃል። በአዋቂ ሰው ይህ ቧንቧ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ከ16 እስከ 20 ቀለበቶችም አሉት። ልጆቹ ከማንቁርታቸው በታች የራሳቸውን ሁለት ሦስት ቀለበት በቀስታ ያገኛሉ።

6ኛ፦ ንፉት

ጎማውን አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ አስገቡና ትራኪያውን በላዩ ላይ በሲባጎ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ወደ ውስጥ አትግፉት፤ በግ ላይ ለቀኙ የላይኛ ክፍል የሚሄደው ቧንቧ ሌሎቹ ከመከፈላቸው በፊት ብቻውን ይገነጠላልና ጎማው አልፎ ሊዘጋው ይችላል። አንዱ የላይኛ ክፍል ሳይነፋ ከቀረ ጎማውን ትንሽ ሳቡት።

አሁን በዝግታ ንፉ። መጀመሪያ ጫፎቹ ላይ ደብዘዝ ካለው ቀይ ቀለም መካከል ፈዛዛ ሮዝ ነጠብጣቦች ብቅ ይላሉ፤ ከዚያ እየሰፉ ይገናኛሉ፣ ሳንባውም ከትሪው ላይ ብድግ ይላል። ጨማዳ የነበረው ጠርዝ ሲዘረጋ፣ ክፍሎቹ አንዱ ከሌላው ሲለይ በግልጽ ይታያል። ሳይነፋ ጠቆር ብሎ የሚቀር ቦታ ካለ አትደንግጡ፤ ሲታረድ ደም የገባበት ሊሆን ይችላል። ልጆች እዚህ ላይ መጮኻቸው አይቀርም፤ ይጩኹ። ውጥር እስኪል ድረስ ግን አትንፉት፣ ይቀደዳል።

ከዚያ መንፊያውን አላቅቁት። ማንም ሳይጫነው ሳንባው ራሱ ይኮማተርና አየሩን ያስወጣል። ዝም ብለን ተቀምጠን ስናስወጣ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ የተለጠጠው ሳንባ ወደ ልኩ ይመለሳል እንጂ ጉልበት አያስፈልገንም። ማስገባቱ ነው ሥራ የሚጠይቀው። ልጆቹን ጠይቋቸው፦ «እዚህ የነፋነው በመንፊያ ነው፤ እናንተን ማን ነው የሚነፋችሁ?» መልሱን አትንገሯቸው።

7ኛ፦ ገልጣችሁ ቧንቧውን ተከተሉ

በመቀሱ ትራኪያውን ከኋላ በለስላሳው በኩል ሰንጥቁትና ወደ አንዱ ሳንባ ዝለቁ። ቧንቧው ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት፣ እያለ ይቀጥላል፤ ብሮንካይ የሚባሉት እነዚህ ቅርንጫፎች ናቸው። ሰው ላይ ወደ 23 ጊዜ ያህል ይከፈላል። እየጠበበ ሲሄድ ቀለበቶቹ ቁርጥራጭ ይሆኑና ጨርሰው ይጠፋሉ፤ በአስም ጊዜ ከሚጠቡት መካከል ቀለበት የሌላቸው፣ በጡንቻ የተከበቡት እነዚህ ቀጫጭን ቧንቧዎች ይገኙበታል።

የቧንቧውን ውስጥ ዳብሱት፣ ያንሸራትታል። በዚህ አክታ ሥር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉ፤ ሳያቋርጡ ወደ ላይ እየቀዘፉ አቧራውንና ጀርሙን ከነአክታው ወደ ጉሮሮ ያወጡታል። ጭስ ያደነዝዛቸዋል። ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተቃጥሎ ከተማው በጭስ ሲታፈን የሚበዛው ሳል ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ልማዱ የመጣው በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታውን የኅዳር በሽታ ለማስወገድ ከተደረገው ማጽዳት ነው። ያ በሽታ ሳንባን የሚያጠቃ ኢንፍሉዌንዛ ነበር፤ ጭሱ የሚጎዳውም ይህንኑ ሳንባ ነው። ቆሻሻው ይጠረግ፣ እሳቱ ይቅር እላለሁ።

ቧንቧው ውስጥ ነጭ ክር የሚመስሉ ትሎችና አረፋ ካገኛችሁ የበግ ሳንባ ትል ነው፤ በደጋ በጎች ላይ የተለመደ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ሆኖም ለልጆቹ አሳይታችሁ አልፉት።

አሁን ከሳንባው ጠርዝ የአውራ ጣት የምታህል ቁራጭ ቆርጣችሁ ተመልከቱ። ልጆች ሳንባን ባዶ ፊኛ አድርገው ነው የሚያስቡት። ቁራጩ ግን እንደ ስፖንጅ ነው፣ ውስጡ ባዶ ጓዳ የለም። ሳፋው ውስጥ ስትጥሉት ይንሳፈፋል፤ አጠገቡ ጉበት ብትጥሉ ይሰጥማል። ቁራጩን ውሃ ውስጥ ጨምቁት፣ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል፤ ከተጨመቀም በኋላ ይንሳፈፋል። ያ አረፋ የወጣው ከአልቪዮላይ ነው። እያንዳንዱ የአየር ከረጢት ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው። በሰው ሁለት ሳንባ ውስጥ ከ300 ሚሊዮን በላይ አሉ፤ ግድግዳቸው ቢዘረጋ ወደ 70 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለዚህ ነው ባዶ ፊኛ ያልሆነው፦ አየርና ደም የሚገናኙበት ገጽ ብዙ እንዲሆን። በሳንባ ምች ጊዜ እነዚህ ከረጢቶች በፈሳሽ ይሞላሉ፤ በጽኑ የተመታ የሳንባ ቁራጭ ውሃ ውስጥ ቢጣል ይሰጥማል።

ልቡን አልቆረጣችሁትም፤ ከእሱ ወደ ሳንባው የሚገባውን ወፍራም የደም ሥር በጣታችሁ ተከተሉት። ኦክስጅን ያነሰውን ደም ወደ ሳንባ የሚያመጣው እሱ ነው። ሥሩ እየቀጠነ ሄዶ እያንዳንዱን የአየር ከረጢት ይከብበዋል፤ በአየሩና በደሙ መካከል ያለው ግድግዳ ከሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። ኦክስጅን በዚያ ወደ ደም ያልፋል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየሩ ይወጣል። የምናስገባው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ የምናስወጣው ወደ 16 በመቶ ይወርዳል። ከተማችን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከቆላ የመጣ እንግዳ የፒያሳን ዳገት ሲወጣ የሚያለከልከው ሰንፎ አይደለም።

በዚያው ስስ ግድግዳ መርዝም ያልፋል። ከሰል በተዘጋ ቤት ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣል። ሽታ የለውም፣ ከደም ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ይጣበቃል፤ ቤቱ ውስጥ አየር እያለ ሰው በእንቅልፉ ይታፈናል። ቡናው እንዳለቀ፣ ከሰሉ የጠፋ ቢመስልም፣ ማንደጃውን ከቤት አውጡት።

8ኛ፦ የሚነፋውን አሳዩ

ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ከታጠቡ በኋላ ሁለት ሊትር የሚይዝ ባዶ ሃይላንድ አምጡ። ታቹን ቆርጣችሁ ጣሉ። ክዳኑን ብሱና የእስክሪብቶ ቀፎ አሳልፉበት፤ በውስጥ በኩል ባለው ጫፍ ፊኛ እሰሩበት፣ ቀዳዳውን ዙሪያውን በፕላስተር ድፈኑት። ሁለተኛ ፊኛ አንገቱን ቆርጣችሁ በተቆረጠው ታች ላይ ወጥሩና በፕላስተር አጥብቁት። አየር የሚያስገባ ክፍተት ካለ አይሠራም።

የታችኛውን ፊኛ መሐሉን ይዛችሁ ወደ ታች ሳቡት። ውስጥ ያለው ፊኛ ማንም ሳይነፋው ይነፋል። ልቀቁት፣ ይሟሽሻል። የ6ኛው ደረጃ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው። ሃይላንዱ ደረታችን ነው፣ የታችኛው ፊኛ ድያፍራም። ድያፍራም ሲኮማተር ወደ ታች ይወርዳል፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎችም ደረትን ወደ ውጭ ያነሳሉ፤ ደረት ሲሰፋ በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፣ የውጭው አየርም ራሱ ይገባል።

ሞዴሉ የሚያሳስተው አንድ ቦታ አለ። በሃይላንዱና በፊኛው መካከል ክፍት ቦታ ይታያል፤ በሰው ደረት ግን ሳንባው ከደረት ግድግዳ ጋር ተገጥሞ ነው ያለው። በሁለቱ መካከል ሁለት ስስ ሽፋኖችና ጥቂት ፈሳሽ ብቻ አሉ፣ በዚያ መካከል አየር እንዳይገባ ሆኖ ነው የተዘጋው። አራጁ ደረቱን ሲከፍት አየር በመካከላቸው ገባ፣ ሳንባውም የሚይዘው አጥቶ ተኮማተረ። በስለት የተወጋ ወይም የጎድን አጥንቱ ተሰብሮ ሳንባውን የወጋው ሰውም የሚታፈነው በዚሁ መንገድ ነው።

9ኛ፦ ሳንባውን አስወግዱ

ለውሻም ለድመትም ጥሬውን አይሰጥም። ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃ ውስጥ ከተንፈቀፈቀ በኋላ ግን ሊሰጥ ይችላል። ግቢ ያለው ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበረው፤ ኮንዶሚኒየም የሚኖር በድርብ ፌስታል አጥብቆ ቋጥሮ፣ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ በእጃቸው ይስጥ እንጂ ደጅ አያሳድረው። ትሪውንና መቀሱን በሳሙና አጥባችሁ በበረኪና አለቅልቁት።

10ኛ፦ በራሳችሁ ላይ ቁጠሩ

ልጆቹ በጀርባቸው ተኝተው ሆዳቸው ላይ ደብተር ያስቀምጡ። ሲያስገቡ ደብተሩ ይነሳል፤ ድያፍራሙ ወርዶ ሆድን ወደ ውጭ ገፍቶት ነው። ከዚያ በሰዓት የአንድ ደቂቃ ትንፋሽ ይቁጠሩ። አዋቂ ሰው ሲያርፍ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፣ በአንዱ ትንፋሽም ግማሽ ሊትር ያህል አየር ያስገባል። ደረጃ ወጥተው ወርደው እንደገና ይቁጠሩ።

ይህን መቁጠር እናቶችና አባቶችም ተማሩት፤ የጤና ባለሙያዎች የሳንባ ምችን የሚጠረጥሩት በዚሁ ነው። ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ የሆዱን መነሳት ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። ሁለት ወር ላልሞላው 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 12 ወር ላለው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለው 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ሳል ያለበት ልጅ ትንፋሹ እንዲህ ከፈጠነ፣ ወይም ሲያስገባ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ዳማከሴና ማር እያላችሁ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ የቆጠራችሁትንም ቁጥር ለባለሙያው ንገሩት።